እማዬ ከድህነት የተመረቀችበት ቀን

ክብር ነው? ቆይ፣ ክብር ነው ነው ያልከኝ? እሺ ወንድም ጋሼ፣ ስልኩን አላነሳም ብለህ በጽሑፍ ስለመለስክልኝ ደጋግሜ ለማንበብ ተመችቶኛል፤ «ስሜታዊ አትሁን። የእማዬ መመረቅ ለቤተሰቡ ክብር ነው። ስብሰባ ላይ ነኝ።» ይሄው ነው። ይቺን ልከህ ስልክህን ጠረጴዛው ላይ ደፍተህ ተቀምጠሃል፤ አውቅሃለሁ እኮ፣ ስትፈራ ስልክ ትደፋለህ። እኔ ደግሞ አሁን መጻፍ አልችልም፣ እጄ እሺ አይለኝም፣ ስለዚህ በድምፅ ስማኝ፤ ርዝመቱን አይተህ «በኋላ እሰማዋለሁ» እንዳትል፣ በኋላ የሚባል ነገር የለም፣ የቅሬታው መዝገብ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ብትሰማኝም ባትሰማኝም ለእማዬ እግር ያው ነው። መመረቅ! ለማያውቅ ሰው ብትነግረው እኮ ጥቁር ካባ ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ፎቶ የተነሳች ነው የሚመስለው። ከምን እንደተመረቀች አብረህ ንገረዋ! ከድህነት ነው። አንተና መሥሪያ ቤትህ ከድህነት አስመረቃችኋት። ስሟን ከችግረኞች መዝገብ አውጥታችሁ ሌላ መዝገብ ላይ አሰፈራችሁት፣ አጨበጨባችሁላት፣ ወረቀት ሰጣችኋት፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፣ ሰኞ ጠዋት ቁስሏን ልታስጠርግ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን የነጻ ሕክምና ካርዷ አልሠራ አለ። ነርሷ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? «እናቴ፣ ስምዎ እኮ እዚህ የለም፤ ተመርቀዋል፣ እንኳን ደስ አለዎት!» እንኳን ደስ አለዎት ብላ መለሰቻት። እማዬም አመስግና ወጣች። አመስግና! ያንን እግር እየጎተተች።

እግሩን መቼስ አይተኸዋል። ወይስ እሱንም በሪፖርት ነው የምታየው? የግራ እግሯ አውራ ጣት ከጠቆረ ሁለት ወር አለፈው፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል እንደኔና እንዳንተ ቁስል አይደለም፣ ነርሷ ራሷ ናት በስልክ የነገረችኝ፣ በየሁለት ቀኑ ካልተጠረገ፣ መድኃኒቱንም ካቋረጠች ጣቱ ይሄዳል፣ ከጣቱ በኋላ የሚሄደውን እግዜር ይወቀው ብላኛለች። ሰኞ አልተጠረገም። ረቡዕ አልተጠረገም። ዛሬ ዓርብ ነው። አሁን የታሰረው በአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ነው፣ ራሷ ቀድዳ፣ ራሷ አጥባ፣ ራሷ ነው ያሰረችው። ምን ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «አንተ ውጭ አይደለህ እንዴ፣ አታሳክማትም?» ልትለኝ ነው። እመጣበታለሁ። ራሴን ልደብቅ አይደለም አፌን የከፈትኩት፣ በኔም እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ያንተን ልጨርስ።

ያ ቤቷን ሊመዘግቡ ሰዎቹ የመጡ ዕለት እማዬ ደወለችልኝ እኮ። ደስ ብሏታል፣ ድምፅዋ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኗል። «ወንድምህ እንዴት እንዳማረበት ብታይ» ትለኛለች፣ «ያንን ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ስሙን አንጠልጥሎ፣ አምስት ትልልቅ ሰው አስከትሎ ሲገባ ልጄ መሆኑ ጠፋኝ።» ቢጠፋት ምን ይገርማል፣ አንኳኩተህ ነዋ የገባኸው። ያንን በር፣ በእግርህ እየረገጥክ ከፍተኸው ያደግከውን በር፣ መቀርቀሪያውን ሰብረህ በኔ ያሳበብክበትን በር አንኳኳህ። ከዚያ ታብሌቱን አውጥተህ የገዛ እናትህን «እንደምን ከረሙ እናት?» አልካት። እርስዎ! እሷ ደግሞ ወዲያው ገባት፤ የገዛ እናቱን መዘገበ እንዳይሉህ፣ ከላይ የመጡት ሰዎች ልጇ መሆንህን እንዳይነቁ፣ አቀርቅራ «እግዚአብሔር ይመስገን ጌታዬ፣ እርስዎስ እንደምን ከረሙ?» አለችህ። እየሳቀች ነው የምትነግረኝ፤ «ጌታዬ አልኩት እኮ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው!» እኔም ሳቅኩ፣ ይቅር ይበለኝና እኔም አብሬ ሳቅኩ። አንተ ትቀጥላለህ፤ «ባለፉት ሦስት ወራት በቤትዎ ምግብ ያጠረበት ጊዜ ነበር?» «ኧረ ምን ሲጎድል፣ ተመስገን ነው።» «የጤና እክል ያለበት የቤተሰብ አባል አለ?» «ሁላችንም ደህና ነን።» ሁላችንም! ብቻዋን እኮ ነው የምትኖረው ጋሼ! ማንና ማን ናቸው ሁላችንም? እሷና ግድግዳው? ይሄን ስትልህ እግሯን ቀሚሷ ሥር ሰብስባ ከተተችው፣ አንተም አይንህን ከታብሌቱ ሳታነሳ ጣትህን ሰደድክ፣ ደህና የሚለው ላይ ነካህ፣ አለፈ።

በቤታችን እንዴት ነህ ተብሎ «ደህና አይደለሁም» ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አንድ ሰው ጥቀስልኝ። አባዬ የሞተ ዕለት ጠዋት ጠያቂ ሲገባ አልጋው ላይ ቀና ሊል እየታገለ «ደህና ነኝ፣ ዛሬስ ተሽሎኛል፣ እናንተ እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ ልጁ ደህና ነው?» እያለ አልነበር እንዴ፣ ቀትር ላይ አይደል የገነዝነው? ያንን ያየህ ሰው ነህ አንተ። ሰላምታ ውስጥ እውነት እንደማይገኝ ከኔ በፊት ታውቃለህ። እንግዳ ፊት ችግር መናገር ልመና ነው፣ ገመና ማውጣት ነው፣ ብለው ነው ያሳደጉን፤ እና አምስት ሰው አስከትለህ፣ ጎረቤቱን በር ላይ አስቁመህ፣ «ይርብዎታል ወይ?» ብለህ ጠየቅካት። በሰው ፊት! ብቻዋን ቁጭ አድርገህ፣ በሩን ዘግተህ፣ «እማ፣ እንዴት ነው?» ብትላት እኮ ታለቅስልህ ነበር። ለኔ እንኳ እግሯ መቁሰሉን የነገረችኝ ስንት ጊዜ ለምኛት ነው።

ፍየሏስ? ዝም የምልህ መሰለህ? የጽሕፈት ቤታችሁን ገጽ እኔም አየዋለሁ፣ ስልክ አለኝ። «በዚህ ዓመት ከድህነት የተላቀቁ እማወራዎች» ብላችሁ ዘጠኝ ፎቶ ለጥፋችኋል። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ እናት፣ ዘጠኝ ፍየል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሰፈራችን ፍየል በፍየል ሆነ ብዬ። ኋላ ጆሮዋን አየሁት። የግራ ጆሮዋ ተተልትሎ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ፍየል። በአንዱ ፎቶ ሣር ትበላለች፣ በአንዱ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ እማዬ ቤት ደግሞ ልክ እንደ ባለቤት በር ላይ ቆማ ካሜራውን ታየዋለች። የጎረቤታችን የእትዬ ሞተሯ ፍየል ናት! የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የሚያውቃት ፍየል! ዘጠኝ ጊዜ ፎቶ የተነሳች ፍየል አይቼ አላውቅም፣ ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አትነሳም። ከፍየሏ ቀጥሎ ደግሞ አንሶላውን አየሁት፣ ያ ቀይ አበባ ያለበት፣ እሱም ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበሮችም ይዞራሉ። ሴቶቹን እንዳትወቅስብኝ። እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ያለውን ይዞ ይሮጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ የሰው ቤት ባዶውን እንዳይታይ ነው፤ ከዚያ እንግዳው ሲሄድ እቃው ወደየቤቱ ይመለሳል፣ ገመናችን እንደተሸፈነ አለ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ስህተቱ እናንተ ቆጠራውን የእንግዳ ቀን ማድረጋችሁ ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት በማይክራፎን «ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፣ ቤታችሁን አዘጋጁ» ብላችሁ ትለፍፋላችሁ፣ ከዚያ የተዘጋጀውን ቤት ገብታችሁ ትቆጥራላችሁ። መንግሥት እንግዳ ሆኖ የመጣበት ቤት ውስጥ ድህነት ምን ሊሠራ ይቀመጣል? በጓሮ ይወጣል፣ ስትሄዱ ተመልሶ ይገባል።

«መንግሥት ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?» ትለኝ ነበር ሁልጊዜ። ምንም አላደረገም አልኩ እንዴ? መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ቧንቧውን አውቀዋለሁ፣ ያንን ጤና ጣቢያ ሲሠሩ ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ ትከሻዬ ላይ ምልክቱ አለ። ካርዱም ሲመጣ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፣ እማዬ በነጻ ትታከማለች ብዬ። ሠርታችኋል። ግን ከሠራችሁ በኋላ ምን እንደሆነ የምትሰሙት ከማን ነው? አንተ ዘጠኝ ፍየል ብለህ ለአለቃህ ታቀብላለህ፣ አለቃህ ቁጥሩ እንዳያንስበት ከሌላው ሰፈር ጋር ደምሮ ያሳምረዋል፣ የሱ አለቃ ደግሞ ግራፍ ይሠራበታል፣ ላይ ሲደርስ ያቺ አንዲት ፍየል መንጋ ሆናለች። ከዚያ እነሱ እውነት ነው ብለው ያቅዳሉ! ምን መጣ? ለዘጠኝ ቤት ተብሎ የፍየል መድኃኒት በካርቶን መጣ፤ እትዬ ሞተሯ ናት የነገረችኝ፣ «ፍየሌ ያን ሁሉ መድኃኒት ብትውጥ ትፈነዳለች» እያለች። መጋዘናችሁ ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። የእማዬ መድኃኒት ደግሞ «ተመርቀዋል» ተብሎ ይቆማል። ገባህ? ለሌለ ፍየል መድኃኒት አለ፣ ላለ እግር የለም። ከዚያ በዓመቱ ስብሰባ ትቀመጡና «ይህን ሁሉ ሠርተን ድህነቱ ለምን አልቀነሰም?» ብላችሁ ትገረማላችሁ። እኔ ልንገራችሁ? አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አግኝታችሁት አታውቁም።

ላክሁት። ሁለት ግራጫ ምልክት ሆኖ ቆመ፣ ቢሰማው ሰማያዊ ይሆን ነበር፣ አልሰማውም። ደረጃው ላይ ነኝ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሲሚንቶው ቀዝቅዟል። እዚህ ረፋድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ስናጥብ ስንተኩስ አድረን ከመጣን ሦስት ሰዓት ሆነን፣ ስድስታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኖ፣ አምስቱ ተኝተዋል፣ እኔ አይኔን ስጨፍን እግር ነው የሚታየኝ። በሩ ተከፈተ፣ አስተማሪው ነው፣ ሀገር ቤት ሳለ ያስተምር የነበረ የሀገሬ ልጅ፣ ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው፤ ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አንድ አይኑን ጨፍኖ፣ «ወንድሜ፣ መንግሥት ልትገለብጥ ከሆነ ቀስ ብለህ ገልብጥ፣ ሰው ተኝቷል» ይለኛል። ከእናቴ ጋር የተያያዘ ነው አልኩት። ሁለተኛውን አይኑንም ገለጠው። ቁጭ ሊል ዳዳው፣ ከዚያ እጄን አየና «በጠዋቱ ለምን አላሳየኸውም ለሰውዬው?» አለኝ። የትኛውን ሰውዬ አልኩት፣ አውቄ እንዳላወቀ። ራሱን ነቀነቀ፣ ገባ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

እጄን። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ኃላፊዋ አዲስ ጓንት በሳጥን ይዛ መጣች፣ ወፍራሙን፣ የመተኮሻውን ማሽን ሙቀት የማያሳልፈውን፣ ስምንት ወር ሙሉ አልቋል ስትለን የነበረውን። አደለችን። መቼም ያልሠራው ማራገቢያ ሠራ። ሰውዬው ትሁት ነው፣ መነጽር አድርጓል፣ በየተራ ይጠይቃል፣ ስልኩ ወደ ቋንቋዬ ይተረጉምለታል፤ «በሥራ ቦታ ጉዳት ደርሶብህ ያውቃል?» ይላል ስልኩ፣ በሴት ድምፅ፣ እንደ ዜና አንባቢ። ጓንቱ ውስጥ ግራ እጄ ያብጣል፣ ማክሰኞ ማሽኑ ላይ የተቃጠለ ነው፣ መዳፌ ላይ ቆዳ የለም፣ ጨርቁ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። ሰውዬው ይጠብቃል። ኃላፊዋ ከኋላው ቆማለች። እና እኔ፣ እኔ ጉደኛው ምን አልኩ? «ምንም ችግር የለም፣ አመሰግናለሁ።» ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት። «የምትኖርበት ቤት ይመቻል?» ይመቻል። «ሌላ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?» ኧረ የለም፣ አንተ ደህና ነህ? ደህና ነህ አልኩት! ስልኩ ተረጎመለት፣ ሰውዬው ሳቀ፣ የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ በሕይወቱ፣ ጣቱን ሰደደ፣ ነካ፣ አለፈ። ከዚያ ኃላፊዋ ሳጥኑን ይዛ ተመለሰች፣ ጓንቱን አንድ በአንድ መልሰን ጣልንላት፣ የኔ ግራው አልወጣም ብሎ ታገለኝ፣ ሲወጣ አይኔ ውሃ ሞላ፣ ለአስተማሪው ላብ ነው አልኩት። የማን ልጅ መሆኔን ያን ጊዜ አወቅኩ። ወንድሜን ልሳደብ ስልክ ያነሳሁት በዚህ እጅ ነው።

ስልኩ ይጮሃል። አንተ መሰልከኝ ጋሼ። እሷ ናት፣ እትዬ ሞተሯ። ሞተር ያልናት ስታወራ ማቆሚያ ስለሌላት ነው፣ ዛሬ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ ኮሪደር ላይ ነች። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ወንድምህ ቢሮ በር ላይ ቁጭ ብያለሁ» ትለኛለች፣ «ከጠዋት ጀምሮ። መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ ፍየሏ የኔ ናት አልኳት። እርስዎም በዚሁ ፍየል ነው የተመረቁት ትለኛለች፣ የርስዎ ናት ካልኩ የናትየውን ምረቃ እሰርዛለሁ እንጂ እርስዎን ወደ ችግረኞች መዝገብ አልመልስም ትላለች። እኔንማ እንደፈለግሽ አድርጊኝ፣ እግር አለኝ፣ የእሷን መልሽላት አልኳት።» ከዚያስ እትዬ? «ከዚያማ የመዘገበው ሰው ራሱ ተሳስቼ ነው ብሎ ይጻፍ፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካመጣችሁ ካርዱ ሰኞ ይከፈታል አለች። ወረቀቱን ሰጥታኛለች፣ ይኸው ይዤዋለሁ፣ የቀረው አንድ መስመርና ፊርማ ነው። ወንድምህ ግን ስብሰባ ላይ ነው ይሉኛል።» ስብሰባው መቼ ነው የሚያልቅ አልኳት። እትዬ ሞተሯ ስትንሾካሾክ ሰምተህ ታውቃለህ? «በመስኮት አየሁት እኮ» አለችኝ፣ «ብቻውን ነው። ስልኩን ደፍቶ ግድግዳ ያያል።»

ከማን ጋር ነው የምትሰበሰበው ጋሼ? ከወንበሩ ጋር? ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው፣ ጠረጴዛው?

ይኸው ደግሞ ቀዳሁ፣ ሁለተኛው ነው ይሄ፣ ስማኝ። ፍርሃትህ ይገባኛል። ሞኝ አይደለሁም። የእማዬን ተሳስቼ ነው ብለህ ከጻፍክ የቀሩት ስምንት ቤቶችም ጉዳይ ይነሳል፣ ፎቶዎቹ ይነሳሉ፣ አለቃህ ይጠራሃል፣ አለቃህን አለቃው ይጠራዋል፣ በመጨረሻ ሁሉም ጣቱን ወደ ታች ይጠቁምና ከሁሉም ታች ያለኸው አንተ ነህ። ሁለት ልጆች አሉህ። ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ እኔ ልነግርህ አልችልም። «ዘጠኝ ካላስመረቅክ እንገመግምሃለን» እንዳሉህም አውቃለሁ፣ ባለቤትህ ነግራኛለች፣ አትቆጣት። እና ያን ቀን እማዬን «እርስዎ» ስትል በውስጥህ ምን እንደነበር እኔ አላየሁም። ምናልባት አንተም ሞተህ ነው የጠየቅከው። ምናልባት። ግን አሁን እኮ እንግዶቹ ሄደዋል! ማንም የለም፣ አንተና እትዬ ሞተሯ ብቻ ናችሁ፣ መሃላችሁ አንድ በር ነው ያለው!

የኔን ልናገር ብዬ ነበር። ልናገረው። ሰዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደወለችልኝ። ማሽን እየጫንኩ ነበር፣ ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል አጣብቄ፣ አንሶላው እንፋሎት እየተፋ፣ ኃላፊዋ ከሩቅ እያየችኝ። «ነገ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ አሉ» ትለኛለች፣ «ያለብኝን ልንገራቸው ይሆን? የእግሬን ነገር?» ጠየቀችኝ እኮ! ልትናገር ፈልጋ ነበር! ፈቃድ ነበር የጠየቀችኝ፣ ካንተ አይደለም፣ ከኔ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እያቃጠለኝ፣ «እማዬ በናትሽ አታልቅሺባቸው፣ ልጄ ውጭ ነው በያቸው፣ በሰው ፊት አታዋርጂን» አልኳት። አታዋርጂን። በዚህ አፌ። ለምን መሰለህ? የሰፈሩ ሰው ውጭ ያለው ልጇ አላለፈለትም እንዳይል። ለሷ ቢሮ ነው የምሠራው ብያት የለ፣ የላክሁላት ፎቶ ላይ ከኋላዬ ያለው መኪና የኃላፊዋ ነው፣ ስትሄድ ጠብቄ ነው ተደግፌ የተነሳሁት። ገንዘብ ከላክሁላት ስንት ወር እንደሆነኝ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ አንድ ቀን አላነሳችብኝም። እሺ ልጄ አለች። «ጎረቤቴ ፍየሏን ላምጣልሽ ብላኛለች፣ ልቀበላት?» አለችኝ ደግሞ። ሳቅኩ። «ተቀበያት፣ ቤቱ ይሙቅ» አልኳት። ያ ነው የኔ። አንተ ደህና ብለህ ጻፍክ፣ እኔ ደህና በይ አልኳት። ስለዚህ ወንድምህ ከሩቅ ሆኖ ንጹህ ነኝ እያለኝ ነው እንዳትል፣ እየነገርኩህ ያለሁት እኔም እጄ ስላለበት ነው፣ ግን እኔ የምፈርመው ወረቀት የለም ጋሼ፣ ቢኖር በጥርሴ እፈርመው ነበር።

ያንን ልኬ ለእማዬ ደወልኩላት አሁን፣ ይሄ ሦስተኛው ነው። ሂጂ አልኳት፣ እዚያው በሩ ላይ እትዬ ሞተሯ አጠገብ ቁጭ በይ፣ ሲያይሽ አይጨክንም። ምን አለችኝ? «ልጄን መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ውሸታም አላስብለውም።» እማዬ፣ እግርሽ እኮ ነው። «እግርም ሁለት አለኝ፣ ልጅም ሁለት አለኝ» አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ ዋጋ የተስማማች ሰው ይመስል፣ «የትኛውን እንደማልሰጥ አውቃለሁ።» ከዚያ «አንተ ግን ደህና ነህ? ምን ሆነህ ነው ቅድም እህ ያልከው?» አለችኝ። ስልኩን ወደ ቆሰለው እጄ ቀይሬ ይዤው ነበር፣ ከሩቅ ሰማችው። ያንን ያህል ትሰማለች። «ደህና ነኝ» ልላት ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «እጄ ተቃጥሏል» አልኳት። «ተቃጥሏል እማዬ፣ ቢሮም አይደለም የምሠራው፣ አንሶላ ነው የምተኩሰው።» ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም፣ እና እያለቀሰች «ያመኛል ልጄ» አለችኝ። ያመኛል። በሃያ ስድስት ዓመቴ ካፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ሌሊት ሌሊት ያመኛል፣ ጣቴም ይሸተኛል፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። ፈርቻለሁ! እማዬ! በጎርፍ ጊዜ አንተን ጀርባዋ ላይ፣ እኔን ጡቷ ላይ አስራ ወንዝ የተሻገረች ሴት! ይኸው ለኔ ተናገረች፣ አሁን ካንተ ሌላ የማያውቅ የለም፣ አንተም አወቅክ።

ቆይ። ሰማያዊ ሆነ። የመጀመሪያው መልእክት ሰማያዊ ሆነ። እየሰማኸኝ ነው! ጋሼ፣ ስልክህን አንስተሃል፣ በቃ፣ አሁን አልጮህም፣ ይኸው ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እዚያ አስር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። እትዬ ሞተሯ ከበሩ ማዶ ናት፣ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፣ ብዕር ከሌለህ እሷ አላት። «ያየሁት ፍየል የእናትየው አልነበረም፣ ደህና ነኝ ያለችኝም ደህና ሆና አልነበረም» ብለህ ነው የምትጽፈው፣ ሌላ ምንም አይደለም። «ለምን ጻፍክ ይሉኛል» ትለኝ ይሆናል። ጻፍ። ሲጠሩህ ወንድሜ ነው ያስጻፈኝ በላቸው፣ ስሜን ስጣቸው፣ ስልኬን ስጣቸው፣ አለቃህም ይደውልልኝ፣ የሱም አለቃ ይደውልልኝ፣ ያ ግራፍ የሚሠራውም ይደውልልኝ፣ ለሁሉም አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። «እየጻፈ ነው» ይላል ስልኩ ላይ። ምንድነው ለኔ የምትጽፈው? ለኔ አትጻፍ! አሁንም ሦስቱ ነጥቦች ይሄዳሉ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ ይመጣሉ፣ ምን እያሰብክ ነው፣ ምን እየመረጥክ ነው፣ ይኸው ቆመ፣ ይኸው ምንም አልላክህም! እሺ ንገረኝ፣ አንተም ንገረኝ፣ አንተን ዘጠኝ ቁጠር ብሎ የላከህም ይንገረኝ፣ በሱ ላይ ያለውም፤ እናንተ አንድ መስመር እስክትጽፉ የናቴ ስንት ጣት መቆረጥ አለበት?